አደይና አመድ

ውጫሌ፤ ጳጉሜ 2፣ 2015፣ ሐሙስ

ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ረፋድ ላይ አባራ። ተራራው ጉም ውስጥ ነው። የስፌት መኪናዬ ሥራ ፈትቷል። ሌላ ጊዜ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ እንቅልፍ የለኝም፤ ዘንድሮ የሚመጣው ሁሉ አሮጌ ልብስ ማጥበብና ማስረዘም። ዳታ የለም። ስልኩ ሰዓት ማያ ሆኗል።

ቤቱን ዞሬ አየሁት። የጓዳው ግድግዳ ከሥሩ ውኃ ጠጥቶ ተልጧል። ምሰሶው ላይ የታሰረው የላስቲክ አበባ አቧራና ጭስ ተጋግሮበት ቀይ ይሁን ቡኒ አይለይም። ልጄ «አዲስ እንግዛ» አለች። ሱቅ የተሰቀለውን አይቼዋለሁ። ያብረቀርቃል። ሽታ የለውም፤ ዋጋው ግን ከሩቁ ይሸታል።

ከሜዳ በሚገኝ ነገር ብቻ ቤት አይሸለምም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። እናቴ ሳቀች። «ድሮስ በምን ነበር?» አለች። ድሮ ይህ ቤት በሴት ልጅ የተሞላ ነበር፤ አንዷ ስትለቅም ሌላዋ ትሰነጥቃለች፣ አንዷ ትሰፋለች። አሁን እኔ፣ ልጄና የእናቴ ጉልበት። ጉልበቷም ያመናል፤ እሷንም እኛንም።

ጳጉሜ 3፣ ዓርብ

ሩፋኤል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት አለና ልጆቹ ተበሳጩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደጅ ለደጅ ሲጠብቁ ዋሉ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ልጄ፣ የጎረቤቴ ልጆች፣ ሁሉም እየጮኹ። ጎረቤቴ መጋረጃዋን ገልጣ «አብሽሩ፣ ይኼማ ለሁሉም ነው» አለቻቸው። ልጆቿን አልጠራቻቸውም።

ማታ ልጄ አስነጠሳት። ጤና አዳም በሻይ።

ጳጉሜ 4፣ ቅዳሜ

ከወንዙ ማዶ ካለው ናዳ ቀይ አፈር በማዳበሪያ አመጣን። ነጩን ከጎረቤት ለመንን። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዛለች። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ሳምንት ማደር ነበረበት፤ ሲሸት ነው የሚይዘው ትላለች። ሳምንት የለንም። የተላጠውን ቦታ ብቻ በወፍራሙ ደፈንን፤ ቀሪውን በቀጭኑ ለቀለቅን። ከታች ቀይ፣ ከላይ ነጭ። ድንበሩን በአውራ ጣት ማዕበል አስመስዬ ሳብኩት። ልጄ ጀርባዬን ስሰጥ ከማዕበሉ በላይ አበባ በጣቷ ሥላለች። መቆጣት ፈለግሁ። ከግድግዳው ሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

ወለሉን በእበት። እርጥብ ሆኖ ማታ ቤቱ ውስጥ የከብት በረት ሽታ። ጠዋት ይጠፋል። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ተኛች።

እጄ ተሰነጣጥቋል። ነገ ልብስ ብነካ ክሩን ይስበዋል።

ጳጉሜ 5፣ እሑድ

ጓሮ የተከራየችው የጎጃሟ መምህርት ክረምቱን አገሯ አልገባችም። መንገዱ አላስኬዳትም። ዛሬ ቡና ላይ ስለ እንግጫ አነሳች። እነሱ ዘንድ በዓመቱ ማለቂያ ልጃገረዶች መስክ ወርደው ይነቅሉታል፤ ይጎነጉኑታል፤ በዋዜማው በእናት በአባት ራስ ላይ፣ በምሰሶው፣ በማድጋው ላይ ያስሩታል። «እናንተ አታውቁትም?» አለች። እናቴ «ሣሩን እናውቀዋለን። ሥራ አልሰጠነውም» አለች።

አሰብኩበት። ከእኛ በስተ ሰሜን ቆቦ ላይ ሶለል አለ፤ ላስታ አሸንድዬ፤ ሰቆጣ ሻደይ። ነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታ ልጃገረዶቹ ቅጠሉን በወገባቸው አስረው ይወጣሉ። ጎጃም በራስ ላይ፣ ዋግ በወገብ ላይ። በእኛ ቤት ወለል ላይ። ሣር ብለን የምናውቀው የሚረገጠውን ነው።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ወደ ረግረጉ ወረድን። እንግጫው አለ። ከብት የቀረው። ከሥሩ ሲነቀል ደስ የሚል ሽታ አለው፣ ከአፈር ጋር። መምህርቷ ስትጎነጉን ጣቷ ዓይን አያስፈልገውም። ትንሽ አንጎራጎረች፤ አቋረጠችው። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

የላስቲኩን አበባ አወረድኩት። ጣልኩት ማለት ግን አይደለም፤ ከአልጋ ሥር ነው።

ጳጉሜ 6፣ ሰኞ

ሉቃስ የጨመረልን ቀን። የቤት ኪራይ የሚቀበል ሰው አይወደውም፤ እኔ ወደድኩት፣ ግድግዳው አንድ ቀን ደረቀልኝ።

ገበያ። ቄጠማ ተቆልሏል። ሻጯ ከሐይቁ ዳር ሌሊት የታጨደ ነው ትላለች። ጫፉ ሲያዩት ግን የትናንት ነው። አደስ ገዛሁ ለሽታው፣ ትንሽ ጠጅ ሣር፣ አሪቲ በነፃ ተመረቀልኝ። አጠገቧ አንዱ ልጅ የላስቲክ ሣር በሜትር ይሸጣል፤ ጥቅል ዘርግቶ በመቀስ ይቆርጣል። ሰዎች ይገዙታል። አይጠወልግም፣ ታጥቦ ይመለሳል፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ቆሜ ዋጋ ጠየቅሁ።

አደይ ገና አልበዛም። ከመንገዱ ቁልቁለት ላይ አልፎ አልፎ ነጥብ ነጥብ። ቅል ቆርጠን ውኃ ሞላንበትና የተገኘውን ከተትን። ምሰሶው ላይ እንግጫ። ግድግዳው ላይ የእናቴ ሁለት ሰፌዶች። አንደኛው የእኔ ዕድሜ ነው፤ ቀለሙ ሮዝ እንደነበር የምታስታውሰው እሷ ብቻ።

መስከረም 1፣ 2016፣ ማክሰኞ

ፀሐይ። እንኳን አደረሰን።

ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ከጠዋት ጀምሮ። ልጄ ጓደኞቿን ይዛ ሄዳ ድምጿ ተዘግቶ ተመለሰች። ወንዶቹ ሥዕላቸውን ይዘው መጡ፦ ፀሐይ፣ መልአክ፣ አበባ፣ አንዱ ባጃጅ። ለሁሉም ሳንቲም።

አንዱ ሥዕል ተለየብኝ። ከታችኛው ሠፈር የመጣ ትንሽ ልጅ ነው። ከለር አልነበረውም መሰል። መስመሩ ከሰል ነው። አረንጓዴው ቅጠል ወረቀቱ ላይ ታሽቶ፣ ቢጫው አደይ ታሽቶ። የአበባው ትራፊ ወረቀቱ ላይ ተጣብቋል። «በምን ሠራኸው?» አልኩት። «በራሱ» አለ። በራሱ በአበባው ማለቱ ነው። ከሌሎቹ ጨምሬ ሰጠሁት፤ ልጄ አኮረፈች። ግድግዳው ላይ ሰፌዶቹ መሐል ለጠፍኩት።

መምህርቷ እንግጫውን እናቴ ራስ ላይ አሰረችላት። እናቴ እስከ ማታ አላወለቀችውም።

መስከረም 3፣ ሐሙስ

ቄጠማው ተሰብስቦ ተጠረገ። እንግጫው ምሰሶው ላይ ደርቆ ቀለሙ ሄደ፤ ቅርጹ አለ። አደዩ አንገቱን ደፋ። ሲነኩት ቢጫ ዱቄት።

ቅሉን ሳጥብ ጣቴ ቢጫ ሆነ። በልብስ ሳሙና ሳሸው ብርቱካናማ ሆነ። ወደ ቀይ የሚያደላ። ደግሜ አየሁት፤ ደም መስሎኝ ነበር። ልጄን ጠራሁና የእሷን ጣት ሞከርን። ያው ሆነ። ሎሚ ብንጨምቅበት ተመልሶ ቢጫ። እየሳቅን ቅጠሉን ጨረስነው።

እናቴ አልገረማትም። ሳሙና ሳይኖር ልብስ በእንዶድና በአመድ ውኃ ይታጠብ ነበር፤ አደይ የነካው ነጠላ ታዲያ ሲታጠብ ጭራሽ ይብስበት ነበር አለች። ለዓመታት እንደ እድፍ የምታውቀው ነገር ነው። ስንደዶ ይነከርበት ነበር ወይ ብላት «እንጃ፣ እኛ ቀለም ከገበያ ነው የምንገዛ» አለች። ከእሷ በፊትስ? «እነሱን መጠየቅ ነው» ብላ ወደ መቃብሩ በኩል አመለከተች።

መስከረም 6፣ እሑድ

ስንደዶ መምዘዝ። ጎህ ሳይቀድ ተነሳን፤ ጤዛ እያለ ነው የሚመዘዘው፣ ሲሞቅ ይሰበራል። እናቴ ቤት ቀረች። መመሪያዋን ግን ይዘን ሄድን፦ አናቱ ያልተበተነ፣ ከአንጓው በላይ ያለው ለስላሳው፣ ጫጫታ የሌለው። የመጨረሻው አልገባኝም ነበር። ደርሶ የጠነከረው ሲሳብ ይጮኻል። ለጋው ዝም ብሎ ይወጣል።

ወደ ይስማ ንጉሥ በኩል ነው የሄድነው። ምኒልክና አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተዋዋሉበት። ልጄ 17ኛውን አንቀጽ በአማርኛውም በጣሊያንኛውም ትርጉሙን ልቅም አድርጋ ትናገራለች፤ ትምህርት ቤት አስለቅሟታል። ስንደዶ ከሌላ ሣር መለየት ግን አቅቷት አንድ እቅፍ ሙሉ የማይረባ ይዛ መጣች። ሰው ከሩቅ አገር ይህን ቦታ ሊያይ ይመጣል። እኛ ለሣር።

ዳገቱ ግማሹ ታርሷል፤ ስንደዶው ድንበር ድንበሩን ነው የቀረው። አንድ እረኛ መጣና «የማን ነው የምትመዝዙት?» አለን። የማን ይባላል ስንደዶ? ለማንኛውም «የእግዜር» አልኩት። «እሺ፣ ገደሉን ተጠንቀቁ» ብሎ ሄደ።

አክርማም ትንሽ። ጀርባዬ ተሰበረ። በጣም ደስ ያለኝ ቀን። ለምን እንደሆነ ነገ አስበዋለሁ።

መስከረም 7፣ ሰኞ

አላሰብኩም። ሁለት ሱሪ፣ አንድ የተበላሸ ዚፕ።

መስከረም 9፣ ረቡዕ

ስንደዶው ጣሪያ ላይ ሁለት ፀሐይ ጠጥቶ ነጥቷል። ዝናብ ቢመታው ይጠቁር ነበር፤ ዘንድሮ መስከረም አልከፋም፣ እስካሁን።

ዛሬ የመጀመሪያው ንክር። ልጄ ከመንገዱ ዳር አደይ በዘንቢል ለቀመች፤ አበባው ብቻ፣ ያለ ግንዱ። ድስት ውስጥ አፈላነው። ቤቱ የሻይ ቅጠል ይመስል ሸተተ፣ ጣፈጥ ያለ። ውኃው ወርቅ። አጥልለን ስንደዶውን ነከርን። አደረ ማለት ነው እንግዲህ ለነገ።

መስከረም 10፣ ሐሙስ

ቢጫ ነው። ግን የሚያፍር ቢጫ። ውኃው ውስጥ ያማረው ሣሩ ላይ ሲደርቅ ደበዘዘ። ከገበያ ቀለም አጠገብ ሲያስቀምጡት ያልተነከረ ይመስላል። እናቴ አየችውና ምንም አላለችም፤ እሷ ዘንድ ይኼ አስተያየት ነው።

የአመዱን ነገር መሞከር አለብኝ።

መስከረም 12፣ ቅዳሜ

አመድ። የግራር እንጨት አመድ ከምድጃው ሥር ነፍተን በውኃ በጠበጥነው፤ ሌሊቱን ረግቶ ላዩ ጠራ። ሲነኩት ያሟልጫል። ከዚያ ቢጫውን ስንደዶ እፍኝ ያህል ወስደን ነከርን።

ዓይናችን እያየ ተለወጠ። ከጫፉ ጀምሮ፣ የበሰለ ብርቱካን፣ ከዚያ የሸክላ ቀለም። ልጄ ጮኸች። መምህርቷ ከጓሮ ሮጣ መጣች። ኬሚስትሪ አይደለም የምታስተምረው ግን «ቤዝ ነው፤ ሎሚው አሲድ፣ አመዱ ቤዝ» አለች፤ ልጄ ደብተሯን አምጥታ ጻፈች። ትምህርት መቼ እንደሚጀመር የሚያውቅ የለም፤ ትምህርቱ በድስት ጀመረ።

ብዙ ጊዜ ስናቆየው ጠቆረ፤ ሣሩም ተሰባበረ። አመዱ ይበላዋል። ቶሎ ማውጣት፣ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ። ስንት ደቂቃ? በሰዓት አልያዝኩትም። እናቴ «ሦስት አቡነ ዘበሰማያት» አለች፤ እስዋ እንቁላልም የምትቀቅለው በዚሁ ነው። ሞከርነው። ልክ ነች።

ጎረቤቴ ሳሎኗን ልታሰናዳ ነው፣ መውሊድ ደርሷል። ጣሪያ ላይ የተሰጣውን አይታ ቆመች። «ይኼን ቀለም ከየት ገዛሽው?»

መስከረም 13፣ እሑድ

እናቴ ወስፌዋን ጠየቀች። ከሳጥን ሥር አወጣሁላት። ዓይኗ አይረዳትም፣ እጇ ግን ያውቃል። አክርማውን ለሆዱ ጠቅልላ፣ በስንደዶው ጀመረችው፦ እምብርቱን። ቀጥሎ ለእኔ ሰጠችኝ። መኪና የለመደ እጅ ለዚህ አይሆንም፤ ይቸኩላል። ሁለት ዙር ሰፍቼ ሁለቱንም ፈታችብኝ።

ልጄ የበቆሎ ልብስ ሰብስባ አሻንጉሊት ሠርታለች፤ ጸጉሯ የበቆሎ ጸጉር፣ መቀነቷ በአደይ የተነከረ። መደርደሪያው ላይ ደረደረቻቸው። በቆሎው ለእሸት ነው የተገዛው። በላን፣ ቤቱም ተሸለመ።

መስከረም 15፣ ማክሰኞ

ዘንድሮ መውሊድና ደመራ አንድ ቀን ዋሉ። ነገ። ገበያው ሁለት በዓል ተሸክሞ ተጨናንቋል፤ የቄጠማ ዋጋ እንደ ዶሮ። ከጎረቤቴ ጋር አንድ ትልቅ ሸክም በጋራ ገዛን። ደጃፌ ላይ ፈታነው፤ እሷ ግማሹን ለሐድራው፣ እኔ ግማሹን። ስታካፍል ለእኔ ያዳላች መሰለኝ። መለስኩላት። መለሰችልኝ። መጨረሻ ላይ ልጆቹ ወሰዱት፣ የት እንዳደረሱት አላየሁም።

አደይ አሁን ነው የበዛው። ተዳፋቱ ሁሉ። ሰው በእቅፍ እየያዘ ይወርዳል። ወንድሜ ከዳገት መጥቶ አድሯል፤ ንብ አለው። አበባ የያዘ ባየ ቁጥር ፊቱ ይቀየራል። «ጥቅምት ላይ ማር አምጣ ይሉኛል» አለ። «ምን ቀርቶ?» ቀልዱን ነው አልኩ። አልሳቀም።

መስከረም 16፣ ረቡዕ

ከንጋት ጀምሮ መንዙማ በግድግዳው በኩል። ድቤው ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። እናቴ ዳዊቷን እየደገመች እግሯ በድቤው ይመታል፤ ነገርኳት፣ «እግሬ መች ይሰማኛል» አለች።

ሳሎኗን አየሁት። ከወለሉ ቄጠማ፣ ከጥጉ አሪቲ በጣሳ፣ ሉባንጃ። ግድግዳዋ ላይ የእኔ ብርቱካን ስንደዶ እስር ሆኖ በአረንጓዴ ጨርቅ ታስሮ ተሰቅሏል። የሰጠኋት ለናሙና ነበር። ገና ያልተሰፋ ሣር ነው። እንዲሁ ነዶውን። አማረ ማለት አነሰ። የምሰፋው ለምንድን ነው አልኩ ለራሴ።

ሸሆቹ ዱዓ አደረጉ፤ ለአገሩ፣ ለመንገዱ፣ ለዝናቡ በልኩ። አሚን አልን።

ከሰዓት ልጆቹ የክትክታ ችቦ ይዘው ለደመራው። የጎረቤቴ ትልቁ ልጅ የእኛን ችቦ ተሸከመ፤ ከበደን ብለን አልነበረም። ደመራው ላይ የአደይ እቅፍ። ወንድሜ እሳቱ አጠገብ ቆሞ ከምሩን ያያል። ምን እያሰበ እንደሆነ አውቃለሁ።

መስከረም 18፣ ዓርብ

ሁሉም ነገር ወለል ላይ። ድካም። እንግዳ የለም። መምህርቷ መልእክት ከቤቷ ደርሷታል፣ በሰው እጅ፤ ሁሉም ደህና ናቸው ይላል። ደጋግማ አነበበችው። ወረቀቱን እንግጫው ውስጥ ሻጠችው።

መስከረም 21፣ ሰኞ

ግሸን። እናቴ ሌሊቱን አልተኛችም። ወጣት ሆና በእግሯ ወጥታለች፤ የአምባው መስቀልነት ከላይ ሲቆሙ አይታይም፣ ሲወርዱ ነው ትላለች። ዘንድሮም «እሄዳለሁ» ብላ ስታበቃ ጉልበቷን አሸች። ከዚሁ ሆና ወደ ተራራው ሰገደች።

ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ዋለች። ብርቱካኑን፣ ከዚያ ነጩን፣ እንደገና ብርቱካኑን። የግድግዳ ሰፌድ ነው የሚሆነው መሰለኝ። «ምን ሊሆን ነው?» ስላት «ሲያልቅ ይናገራል» አለች።

ነፋስ። ማታ ላይ አጭር በረዶ ጣሪያውን ደበደበው፤ አደዩን አጋድሞታል።

መስከረም 26፣ ቅዳሜ

ጽጌ ገባ። ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ በሩቁ ይሰማ ነበር። እናቴ ጾሙን ጀመረች፤ ግዴታ አይደለም ብለን ብንነግራትም። እስከ ኅዳር 5 ወተት የለም።

ከጣሪያ ላይ ሁለት እስር ስንደዶ አውርጄ አንዱን መስኮቱ ላይ፣ አንዱን ሳጥን ውስጥ ካስቀመጥኩ ቆየሁ። ዛሬ ጎን ለጎን አደረግኋቸው። የመስኮቱ ገርጥቷል። ብዙ አይደለም፤ ግን የማያይ ሰው የለም። የሳጥኑ እንዳለ ነው። ገና ወር ሳይሞላው እንዲህ ከሆነ ዓመት ላይ ምን ሊሆን? የእናቴ ሰፌድ ሮዙን ለማጥፋት ስንት ዓመት ፈጀ? የገበያውም ቀለም ለካ ይጠፋል፤ ቀስ ብሎ።

ጎረቤቴ መጣች። ለልጇ ሠርግ ሙዳይ ትፈልጋለች፤ በዚያው ቀለም፣ «በአደዩ»። ገንዘብ ይዛ ነው የመጣችው፣ ቀብድ። አልተቀበልኩም። ቀለሙ ሊሄድ ይችላል አልኳት። «ሙሽራዋስ መች እንዲህ ሆና ትቀራለች?» አለች። ሳቅን። ጥያቄው ግን አልተመለሰም፤ ገንዘብ የተከፈለበት ነገር ሲገረጣ ጎረቤትነቱም ይገረጣል።

ወንድሜን አማከርኩት። የአንድ ሙዳይ ቀለም ስንት አበባ ይፈጃል ብሎ ጠየቀ። ዘንቢሉን አሳየሁት። ዝም አለ። በኋላ «ከመንገድ ዳሩን ልቀሚ፤ አቧራ የለበሰውን ንብ አይወደውም። ከዳገቱ አትድረሺ» አለ። እውነቱን ይሁን ለእኔ ሲል የፈጠረው አላውቅም። ከመንገድ ዳሩን ነው የምለቅመው።

መስከረም 28፣ ሰኞ

መንገድ ዳሩን ለቀምን። አቧራ የለበሰው ታጥቦ ያው ቢጫ ሰጠ። አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ልጄን እጇን እይዛለሁ። አበባው እየሳሳ ነው፤ ፍሬው ቀሚሳችን ላይ እየተሰካ ቤት ድረስ ይከተለናል።

ጥቅምት 1፣ ሐሙስ

ብርድ በጠዋት። ስንደዶ ከእንግዲህ አይመዘዝም፣ ተበትኗል። ያለን ያለን ነው።

እናቴ ሰፌዱን ጨረሰችው። መሐሉ ላይ ልጄ ግድግዳው ላይ በጣቷ የሣለቻትን አበባ አስገብታለች፤ ቅጠሎቿ እኩል አይደሉም፣ እንደዚያው። መች አይታት ነው? ዓይኔ አያይም ትለኛለች።

ጥቅምት 4፣ እሑድ

ለጎረቤቴ መልስ ሰጠሁ። ሆዱን በአደይና በአመድ፣ ክዳኑን በገበያ ቀለም፤ ብርሃን የሚመታው ክዳኑ ነው። አሰበችና «ተገላቢጦሽ አድርጊው» አለች። ክዳኑ እንዲገረጣ ትፈልጋለች። ለምን ብላት «ሲከፈት ውስጡ እንዳለ ይገኛላ» አለች። ሰፊዋ እኔ፣ ባለቤቷ እሷ። እሺ አልኩ፣ ሳይዋጥልኝ። ቀብዱን ተቀበልኩ፤ በእሱ ዘይትና በርበሬ ተገዛ።

የላስቲኩ አበባ ከአልጋ ሥር ወጥቶ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ልጄ አጥባዋለች። ቀይ ነበር ለካ። አሁን የሚያወርደው ሰው ካለ ያውርደው፣ እኔ ደክሞኛል።

ለክዳኑ የሚሆን አመድ አልበቃንም። ከዳቦ ጋጋሪዋ ነገ ልለምን፤ ባሕር ዛፍ እንዳይሆን ብቻ፣ እሱን አልሞከርነውም።